«ጥሩ» የተባለው ማዕከል እና እህታችን



ይህን የምንጽፍላችሁ ወንድምና እህት ሆነን ነው፤ የምንጽፈውም ስለ ታናሽ እህታችን ነው። እሷ ራሷ አንብባዋለች። ሁለት ቦታ ላይ አርማን «ስሜ ብቻ አይጠቀስ» ብላ ፈቅዳልናለች። ቤተሰባችን ከደሴ ነው። እኛ ሁለታችን በልጅነታችን ወደ ለንደን መጣን፤ እሷ ግን እዚሁ ተወለደች። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታግሳችሁ አንብቡት። ልጁን፣ እህቱን ወይም ወንድሙን ከቤት አውጥቶ ለሌላ ሰው አማና የሰጠ ሁሉ ይጠቀምበታል ብለን እናስባለን።

በረመዷን ያላየነው

የዛሬ አራት ዓመት እህታችን 15 ዓመቷ ነበር። በዚያ ረመዷን ቤታችን ውስጥ እንደ እሷ የተጋ ሰው አልነበረም። ከዐስር በኋላ ኩሽና ገብታ ሳምቡሳውን ትጠቀልላለች፣ ሾርባውን ታማስላለች። መግሪብ ሲገባ ተምሩን ለሁላችንም ታድልና ለራሷ አንድ ፍሬ በውኃ ቀምሳ «ልስገድ» ብላ ትነሳለች። ስትመለስ እኛ ጠግበናል፣ ማዕዱም ተነስቷል። ለሱሑር ስንቀሰቅሳት «ሌሊት በልቻለሁ፣ ተዉኝ» ትለናለች። እኛም «ማሻአላህ! ምን ዓይነት ልጅ ናት!» እንላለን። እናታችን ለጎረቤት ሳይቀር አወሩላት። ሸዋል ሲገባ ስድስቱን ቀን ጾመች። ቀጥላ ሰኞና ሐሙስን ያዘች። ከዚያ በኋላ እኛም መቁጠር ተውን።

ሱሪዋ እየሰፋ በቀበቶ ታጠብቀዋለች። ፀጉሯ ከማበጠሪያው ጋር ተነቅሎ ይወጣል። ሰው ሁሉ በሙቀት ሲቃጠል እሷ ሹራብ ደርባ ትቀመጣለች። ይህን ሁሉ አይተናል። አይተን «ኢማኗ ነው» አልን።

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ውስጥ ደረጃ ስትወጣ ወደቀች። ሆስፒታል ስንደርስ የልብ ምቷ በደቂቃ 41 ነበር። ሐኪሟ «አኖሬክሲያ» የሚል ቃል ተናገሩ። አባታችን ሦስት ጊዜ አስደገሟቸው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው በአማርኛ ምን እንደሚባል ጠየቁን፤ ቃል አጣን። «ምግብ የሚያስፈራ ሕመም ነው» አልናቸው። አባታችን ወንበሩ ላይ ተቀመጡና እንዲህ አሉ፦ «እኔ የ77ቱን ርሃብ በልጅነቴ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ። እህል አጥቶ የሞተ ሰው ሲቀበር አይቻለሁ። እንዴት እህል በሞላበት ቤት የሚራብ ልጅ እወልዳለሁ?»

መልስ አልነበረንም። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ «ዓይን ነው»፣ «ጂን ነው» መባሉ አልቀረም። አባታችን ሩቅያ ሊያስቀሩላት ወደሚያውቋቸው ሸይኽ ወሰዷት። ሸይኹ ቀሩላትና አባታችንን ለብቻ ጠርተው፦ «ዱዓውን እኔም አንተም እንቀጥላለን። ልጅቷን ግን ከሐኪም እንዳታርቃት፣ አንድም ቀጠሮ እንዳታስቀር» አሏቸው። አላህ ይጨምርላቸው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሞዴል መምሰል ፍላጎት፣ የሀብታም አገር ቅንጦት ይመስለዋል። አኖሬክሲያ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ ነው። ልብን አድክሞ ይገድላል፤ ተስፋ አስቆርጦም ሰውን ራሱን እስከ ማጥፋት ያደርሳል።

ርሃብ ራሱ ደግሞ አእምሮን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ ፈቃደኛ የሆኑ 36 ጤነኛ ወንዶችን ምግባቸውን በግማሽ ያህል ቀንሶ ለስድስት ወር ገደማ አጠናቸው። ሰዎቹ ከምግብ ሌላ ማሰብ አቃታቸው። የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚሰበስቡ ነበሩ፤ ሳህናቸው ላይ ያለችውን ቆራርሰው ለረጅም ሰዓት የሚበሉ ነበሩ፤ ከሰው ሸሹ፣ ተነጫነጩ። ይህን ስናነብ እህታችን ለሁላችንም ስትጠቀልለው የነበረው ሳምቡሳ ትዝ አለን።

በእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ መሠረት ለልጆችና ለወጣቶች መጀመሪያ የሚመከረው ቤተሰቡ የሚሳተፍበት ሕክምና ነው። ወላጆች በባለሙያ እየታገዙ ምግቡን ይረከባሉ፣ ከልጃቸው ጎን ተቀምጠው ያበሏታል። እኛም ሞከርን። በአንድ ሳህን ሩዝ ዙሪያ ሁለት ሰዓት ተቀምጠን ሁላችንም አልቅሰን እናውቃለን። ኪሎዋ ግን መውረዱን አላቆመም። መስከረም ላይ «አስተኝቶ የሚያክም ማዕከል ውስጥ አልጋ ተገኝቷል» ተባልን።

በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ማዕከሉ ያለው ከቤታችን በባቡርና በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ነው። የግል ነው፤ ወጪውን የሚሸፍነው ግን የመንግሥት ጤና አገልግሎት ነው። ከመሄዷ በፊት ያደረግነው የመጀመሪያ ነገር ሪፖርቱን መፈለግ ነበር።

እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታሎችንና የእንክብካቤ ቤቶችን የሚመረምር ኬር ኳሊቲ ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። መርማሪዎቹ አምስት ነገር ይጠይቃሉ። ቦታው ለታካሚው አደጋ የለውም ወይ? ሕክምናው ለውጥ ያመጣል ወይ? ሠራተኞቹ ያዝናሉ፣ ያከብራሉ ወይ? የእያንዳንዱን ሰው ፍላጎት ያሟላሉ ወይ? አመራሩስ እንዴት ነው? ከዚያ ከአራት ደረጃዎች አንዱን ይሰጣሉ፦ «እጅግ የላቀ»፣ «ጥሩ»፣ «መሻሻል ያስፈልገዋል»፣ «ብቁ ያልሆነ»። ማዕከሉ የተሰጠውን ደረጃ ሰው በሚያየው ቦታ የመለጠፍ ግዴታ አለበት። ሪፖርቱንም ማንም ሰው በኢንተርኔት ማንበብ ይችላል።

የእህታችን ማዕከል «ጥሩ» ነበር። ያን ዕለት ወረቀቱን መግቢያው ላይ አይተን እፎይ አልን። አባታችን ፎቶ አነሱት።

እሑድ እሑድ እየተፈራረቅን እንጠይቃታለን። «ምሳ ምን በላችሁ?» ስንላት «ማካሮኒ በቺዝ» ትላለች። በሚቀጥለው እሑድም ማካሮኒ በቺዝ ነው። ሐላል ሥጋ ስለማይቀርብ ለእሷ የሚመጣው ያው አንድ ምግብ ነበር። ይህ የሆድ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዚህ ሕመም ሕክምና አንዱ ክፍል የሚያስፈሩ ምግቦችን አንድ በአንድ መልሶ መልመድ ነው። በየቀኑ አንድ ዓይነት ምግብ የሚቀርብላት ልጅ ሕክምናዋ ተጓድሏል።

ቀስ በቀስ ሌላም ሰማን። ማታ ማታ ከኤጀንሲ የሚላኩ ተተኪ ሠራተኞች ይመጣሉ፤ በየሌሊቱ ሌላ ሰው ነው። አንዷ እህታችንን በስሟ ሳይሆን በክፍሏ ቁጥር ጠርታታለች። ማዕድ ላይ አብራቸው የተቀመጠች ሠራተኛ «እኔም ከሰኞ ጀምሮ ምግብ እየቀነስኩ ነው» ብላ አውርታለች፤ ያውም ምግብ ከሚያስፈራቸው ልጆች መካከል ተቀምጣ። በጎረቤት ክፍል ያለች ልጅ በአፍንጫ ቱቦ ስትመገብ እየጮኸች ነበር። አንዳንድ ጊዜ ሕይወት ለማትረፍ ይህ የግድ ይሆናል። ግን ጩኸቱን በግድግዳ በኩል የሰሙትን ልጆች በኋላ ማንም አላነጋገራቸውም።

የእህታችን ኪሎ ግን ይጨምር ነበር። በወረቀት ከታየ ሁሉም ነገር ደህና ነው። እሷ ግን እያደር ማውራት አቆመች።

ፍትሐዊ እንሁን፤ ሠራተኞቹ ክፉዎች አልነበሩም። አንዲት ነርስ እህታችን አንድ ብርጭቆ ወተት እስክትጨርስ ድረስ ፈረቃዋ ካለቀ በኋላ እንኳ አጠገቧ ተቀምጣ ታውቃለች። ችግሩ የሠራተኛው ቁጥር ማነስና መቀያየር ነው። ደግሞም ልጆቹ የሚሉትን ሰምቶ የሚያስተካክል ሰው አልነበረም።

«ዝም አይነቅዝም»

እንናገር ወይስ ዝም እንበል? ቤታችን በዚህ ተከፈለ። እናታችን «ዝም አይነቅዝም» አሉ። «ልጃችን በእጃቸው ናት። ብንከሳቸው እሷን ይቀየሟታል። ደግሞስ በሰው አገር በነፃ እያከሙልን?» ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። ልጁን ለሌላ ሰው የሰጠ ወላጅ ሁሉ ይህ ፍርሃት አለው።

አባታችን ብዙ ቆይተው ተናገሩ። «በ77 እርዳታ ማከፋፈያ ላይ ከእናቴ ጋር ተሰልፌ አውቃለሁ። አዳዩ ሰው ሲሰድበን ዝም እንል ነበር፤ እህሉ በእጁ ነበራ! ያኔ ልጅ ነበርኩ። አሁን አባት ነኝ። ጻፉ።»

ጻፍን። ያየነውንና የሰማነውን በቀን በቀኑ አስቀመጥን፤ ስድብም ግምትም አልጨመርንበትም። መጀመሪያ ለማዕከሉ ኃላፊ ላክን። «እናየዋለን» የሚል አጭር መልስ መጣ። ሦስት ሳምንት ጠብቀን ለኮሚሽኑ ላክን። ኮሚሽኑ የአንድን ቤተሰብ አቤቱታ አይዳኝም፤ ለዚያ እንባ ጠባቂ የሚባል ሌላ ተቋም አለ። ከቤተሰብና ከሠራተኛ የሚደርሰውን ጥቆማ ግን ቀጥሎ የትና መቼ እንደሚመረምር ለመወሰን ይጠቀምበታል።

«ማታ ስታለቅሺ ማን ይመጣል?»

በጥር፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ ሳይናገሩ መጡ። እንግዳ እንደሚመጣ የሚያውቅ ቤት ይጠረጋል፣ ምንጣፉም ይቀየራል፤ በድንገት የሚመጡት ለዚህ ነው። ያየነውን አላየንም፤ እህታችን የነገረችንን ነው የምንነግራችሁ።

መድኃኒት ክፍሉን አዩ። የልጆቹ የልብ ምትና የደም ምርመራ በጊዜው መመዝገቡን አዩ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ምግብ ሲጀመርለት በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት በድንገት ሊወርድና ልቡ ሊታወክ ይችላል። ሰው በጉልበት የተያዘበትን መዝገብ አገላበጡ። የሌሊት ሠራተኞችን ዝርዝር ጠየቁ። ምሳ ሰዓት ላይም ከልጆቹ ጋር ተቀመጡ።

ከእነሱ ጋር አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። ሐኪም አይደለችም፤ ይህን ሕመም ራሷ ታማ ያለፈችበት ሰው ናት። ኮሚሽኑ እንዲህ ያሉ ሰዎችን በምርመራ ቡድኑ ውስጥ ያካትታል። ወጣቷ እህታችንን «ማዕከሉን ወደድሽው?» ብላ አልጠየቀቻትም። «ማታ ስታለቅሺ ማን ይመጣል?» አለቻት።

እህታችን እንዲህ ብላ መለሰች፦ «የማላውቀው ሰው ይመጣል። በሩ ላይ ቆሞ ይጽፋል። ከዚያ ይሄዳል።»

መዝገቡ ላይ በእያንዳንዱ ሌሊት «ታይታለች» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት አይደለም፤ አይተዋታል። ወረቀቱ የሚያውቀው ይህንን ብቻ ነው። ቀሪውን የምታውቀው እሷ ናት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ደግሞ የጠየቃት አልነበረም።

ከመርማሪዎቹ አንዷ እናታችንንም በስልክ፣ በአስተርጓሚ አነጋገሯቸው። «ዝም አይነቅዝም» ያሉት እናታችን 40 ደቂቃ ተናገሩ።

ሪፖርቱ እስኪወጣ ወራት ፈጀ፤ ደረጃው ከ«ጥሩ» ወደ «መሻሻል ያስፈልገዋል» ወረደ። ለውጡ ግን ከሪፖርቱ ቀድሞ ጀምሮ ነበር። የሌሊቱ ሥራ በቋሚ ሠራተኞች ተያዘ። ሐላል ዶሮና ሥጋ መጣ፤ እህታችን ዶሮ የበላች ቀን ደውላ ነገረችን፣ እናታችን ስልኩን ይዘው አለቀሱ። ረመዷን ሲደርስ «መጾም እፈልጋለሁ» ስትል ማዕከሉ ዝም ብሎ አልከለከላትም፤ በሆስፒታሎች የሚያገለግሉ ኢማም አስጠራላት። ኢማሙ አላህ ለበሽተኛ ፈቃድ እንደሰጠ አስረዷትና አንድ ጥያቄ ጠየቋት፦ «ይህን ጾም የምትፈልጊው ለማን ብለሽ ነው?» ብዙ ዝም አለች። በዚያ ረመዷን አልጾመችም። ሚያዝያ ላይ ወደ ቤት ተመለሰች።

ማህተም ብቻውን አይበቃም

መርማሪ ሲመጣ ሁሉም ነገር ይስተካከላል ብለን አናታልላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2011 ብሪስቶል ከተማ አቅራቢያ ዊንተርቦርን ቪው በሚባል ሆስፒታል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ሲደበደቡና ሲዋረዱ የቢቢሲ ጋዜጠኛ በድብቅ ቀረጸ። ከዚያ በፊት እዚያው የሠሩ አንድ ነርስ ለኮሚሽኑ አመልክተው ነበር፤ ተከታትሎ የደረሰላቸው ግን የለም። በማግሥቱ ዓመት 11 ሠራተኞች ተፈረደባቸው፣ ስድስቱ ታሰሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ዎርልተን ሆል በተባለ ሌላ ሆስፒታል ተመሳሳይ ግፍ ተጋለጠ፤ ያ ሆስፒታል በኮሚሽኑ «ጥሩ» ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት ያስጠናው የዶክተር ፔኒ ዳሽ ግምገማም ኮሚሽኑ ራሱ ከባድ ድክመት እንዳለበት አሳየ። «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» ይሉ የለ?

ስለዚህ ማህተሙን አንብቡ፣ ግን በእሱ ብቻ አትተኙ። አገር ቤት ያላችሁ እህት ወንድሞቻችን፣ ልጆቻችሁ ወይም ታናናሾቻችሁ በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ በመድረሳ ማደሪያ ወይም በሱስ ማገገሚያ ሊኖሩ ይችላሉ። እኛ ዘግይተን የተማርናቸውን ጥያቄዎች እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ፦

1. ልጁ ማታ ሲከፋው ማን ይመጣል? ስሙን ያውቀዋል?

2. በቀኑና በሰዓቱ ሳይሆን በድንገት ብንመጣ ያስገቡናል? ለብቻችን ያናግሩናል?

3. የሚበላውና የሚሰግድበት ነገር ታስቦበታል ወይስ «ሌላ የለም» ተብሎ የተሰጠ ነው?

4. በጉልበት የሚያዝበት ወይም የሚቀጣበት ጊዜ አለ? ካለ ይመዘገባል? ለወላጅስ ይነገራል?

5. ቅሬታ ያቀረበ ልጅ ወይም ሠራተኛ ከዚያ በኋላ ምን ደረሰበት?

የሚመልሱላችሁን ስሙ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁ ዝም ማለት ሲጀምር ዝምታውን ስሙ።

የመጀመሪያው ምርመራ

ሌላውን ስንመረምር የራሳችንን ቤት አንርሳ። ማዕከሉ እህታችንን በር ላይ ቆሞ ጽፎ ሄደ ብለን ከሰስን። እኛስ? ሠላሳ ቀን በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠን «ማሻአላህ» ብለን አልፈናታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ደግሞ በሽታውን ኢማን ብለን አሞገስነው።

እህቶችና ወንድሞች፣ ከእናንተ መካከል ጾሙን የወደደው የሚበላበት ሰዓት ስለጠፋለት የሆነ ካለ፣ በኢፍጧር ሰዓት ከማዕድ የሚሸሽ ካለ፣ ከበላ በኋላ የሚጸጸትና ተደብቆ የሚያስመልስ ካለ፣ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ሕመም ነው። ወንድ ልጅንም ይይዛል። ለምታምኑት አንድ ሰው ንገሩ፣ ሐኪም ዘንድም ሂዱ። ታላላቆች ደግሞ ሳህኑን ብቻ ሳይሆን የሚበላውን ሰው እዩ።

እህታችን አሁን 19 ዓመቷ ነው። ሙሉ በሙሉ ድናለች አንልም፤ ክፉ ሳምንት አላት፣ ደግ ሳምንትም አላት። ባለፈው ረመዷንም አልጾመችም። እናታችን ስኳር አለባቸው። ሐኪም ቢከለክላቸውም በየዓመቱ እየደበቁ ይጾሙ ነበር። ባለፈው ረመዷን ግን ቀን 7 ሰዓት ሲሆን ሁለቱ ኩሽና ገብተው በሩን ዘግተው ምሳ ይበላሉ። አንድ ቀን ከሥራ ቀድመን ገባንና ሳናውቅ በሩን ከፈትነው። ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው አንድ ትሪ እንጀራ በዶሮ አለ። እናታችን ቀና ብለው «ዝጉት፣ ምርመራ ላይ ነን» አሉን።

እህታችን ጉርሻዋን ይዛ ሳቀች። በሩን ዘጋነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይለግሳቸው፤ አማና የተሰጠንን የምንጠብቅ ያድርገን። ይህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ሰው ካወቃችሁ አድርሱለት።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።